ሁለት ሰዓት ያለ ሳል

በኮሮናው ጊዜ ዓረብ አገር፣ ሙራቃባት የሚባል ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ስድስት ሴቶች እንኖር ነበር። ክፍል አልኩ እንጂ የእያንዳንዳችን ቤት አልጋችን ነው። ተደራራቢውን አልጋ በአንሶላ ጋርደን፣ ከአንሶላው ወዲያ ማልቀስም መጸለይም የባለቤቷ ጉዳይ ነበር። የሌላዋን አንሶላ ሳያስፈቅዱ መግለጥ ትልቅ ነውር ነው።

አል ባርሻ ሰፈር ቤቷን የምሠራላት ማዳም በሽታውን ፈርታ "ኸላስ፣ በቃ፣ አትምጪ" ስላለችኝ፣ ቀኑን ሙሉ አልጋዬ ላይ ተጎልቼ ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አጠናለሁ። በደህናው ጊዜ ፈተናው አዲስ አበባ ሄደው የሚቀመጡበት ነው፤ በበሽታው ምክንያት ያን ዓመት ብቻ በኢንተርኔት ሆነ። ለእኔ ቢጤዋ እንዲህ ያለ በር ሁለቴ አይከፈትም።

የገደለኝ ምክንያታዊ አስተሳሰብ የሚሉት ክፍል ነው። የተሰጠሽን እውነት ነው ብለሽ ተቀበይ፣ ከራስሽ አትጨምሪ ይላል። እኔ ደግሞ ከራሴ ሳልጨምር መች አውቃለሁ! "ሠራተኛ ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን ያርፋል። እሷ ሠራተኛ ናት። ስለዚህስ?" ይላል። "አይታወቅም" ብዬ እመልሳለሁ።

ከበታቼ የሚተኙት የወሎዋ እትዬ መልሱን ከመጽሐፉ የኋላ ገጽ አይተው "ታርፋለች ነው የሚለው" አሉኝ።

"የት ቤት ነው እሱ? አድራሻውን ይንገሩኝና እኔም ልቀጠር!" አልኩ ተናድጄ።

ከት ብለው ሳቁ። "ጠበቃዋ፣ አንቺ ዋላሂ ዳኛውንም ትሰድቢዋለሽ። ወረቀቱ ያለሽን እመኚና እለፊ።"

የፈተናው ሳምንት እትዬ ትኩሳት ያዛቸው፤ ከዚያ ሳሉ ተከተለ። ለማንም ትንፍሽ አላልንም። የሕንፃው ዘበኛ ከሰማ እሳቸውን የት እንደሚወስዷቸው፣ እኛንስ ምን እንደሚያደርጉን የምናውቀው ነገር የለም። በእሳቸው ሳል እኔ እደነግጣለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ስለ ፈተናው እደነግጣለሁ። የትኛው እንደሚብስብኝ ለራሴም አልነግረውም ነበር።

በፈተናው ቀን ረፋድ ላይ የቀሩት አራቱ ሴቶች ኩሽና ገብተው በሩን ዘጉልኝ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ በሁለቱ የፈተና ሰዓታት ውስጥ በካሜራው ሌላ ሰው ከታየ ወይም ድምፅ ከተሰማ ፈተናው ይሰረዛል። እትዬ ግን መቆም ስላቃታቸው አልጋቸው ላይ ቀሩ። የተዋስኩትን ላፕቶፕ ሻንጣ ላይ አስቀምጬ ወደ አንሶላቸው ዞርኩ።

"እትዬ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይሳሉብኝ! አንዲት ድምፅ ከተሰማች አለቀልኝ!"

ውሃ ይፈልጋሉ ወይ እንኳን አላልኳቸውም። ዛሬም ያሳፍረኛል።

"እሺ የኔ ልጅ" አሉ ከውስጥ።

መጀመሪያ ላይ ጥያቄውን አልነበረም የማነበው፤ ጆሮዬ ሁሉ ከኋላዬ ነበር። አንዱን መስመር አራት ጊዜ ደግሜ አየሁት። ከኋላዬ ግን ኮሽ የሚል የለም። ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ቀላል ጥያቄ መጣልኝ። ከዘነበ መሬቱ ይረጥባል፤ መሬቱ አልረጠበም። እንግዲያው አልዘነበም! ከራሴ ምንም ሳልጨምር መለስኩ። ያው አእምሮ ከተነሳ አይቆምም፣ ወዲያው ወደ እትዬ ዞረ። የታመመ ያስላል፤ እሳቸው አልሳሉም፤ እንግዲያው ተሽሏቸዋል። ተመስገን አልኩ በሆዴ። የቀሩትን ጥያቄዎች ተረጋግቼ ሠራሁ።

ማለፌን ያወቅኩት ከሳምንታት በኋላ ነው። ያኔ ግን መልሴን ልኬ፣ ካሜራውን ዘግቼ፣ በደስታ ዘልዬ ተነሳሁና ነውሩንም ረስቼ ሳላስፈቅድ አንሶላቸውን ገለጥኩት።

እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የፊት ፎጣቸውን ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀውታል፤ በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ዓይናቸው ደም መስሏል፣ እንባው አገጫቸው ድረስ ወርዷል፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሲያዩኝ ፎጣውን ቀስ ብለው አወጡት።

"ጨረስሽ?" አሉኝ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ። "አሁን ልሳል?"