የተገዛ ጭስ

አማቴ ሲበዛ ነገረኛ ናቸው። ቤቴ በመጡ ቁጥር ሰላምታ ሳይጨርሱ የድስቴን ክዳን ያነሳሉ። እሑድ ዕለት አፋቸውን ላዘጋ ብዬ ከሱፐርማርኬት በጭስ የበሰለ ዶሮ ገዛሁ። በስሎ ያለቀለት ነው፤ ሞቅ ማድረግ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሰላጣ ልቆርጥ ዞር ከማለቴ ዶሮውን ቧንቧ ሥር ይዘው ይፈትጉታል። ሳሙና ብቻ ነው የቀራቸው።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ጭስ ጭስ ይላል። አሳርረሽዋል።»

ደሜ ፈላ። «ሰው እኮ የሚገዛው ለጭሱ ብሎ ነው! ካላወቁ አይንኩብኝ!» ብዬ ከእጃቸው ነጠቅኳቸው።

አማቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአንድ የግንባታ ካምፕ ወጥ ቤት፣ እርጥብ እንጨት እፍ ሲሉ ነው። ልጃቸውን ያሳደጉትም በዚያው ሥራ ነው። ዓይናቸው ዛሬም እንደቀላ ነው። መልስ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን አደራርቀው ገበታ ቀረቡ።

ባሌ ታፋውን አንስቶ ገመጠ። «አቤት ሲጣፍጥ! ሽታው ራሱ!» እያለ ጣቱን ላሰ።

እናቱ ትኩር ብለው አዩት። «ልጅ ሆነህ ከሥራ ስመጣ፣ ‹ጭስ ጭስ ትያለሽ፣ አጠገቤ አትቀመጪ› ትለኝ ነበር። ትዝ ይልሃል?»

ባሌ ታፋውን ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«ብላ እንጂ» አሉት። «ይኼ እኮ የተገዛ ጭስ ነው።»