ፊደል በፊደል ስለ ጠራሁት ቋንቋ

በኅዳር ወር 1980 ዓ.ም.፣ ነፋስ ስልክ በነበረ አንድ የመኪና መለዋወጫ ድርጅት፣ «የኮምፒዩተሩን ቋንቋ አታውቅም» ተብዬ ከፕሮግራም ሠሪነት ወደ መረጃ አስገቢነት ዝቅ ተደረግሁ። ውሳኔውን የሰጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው አያውቁም።

ቋንቋው በማሽኑ የተከማቸውን መረጃ የምንጠይቅበት ነው፤ የትኛው የፍሬን ሸራ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ፣ የቱ እንዳለቀ። ስሙ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው። እኔ ብቻዬን ከመመሪያው መጽሐፍ ተማርሁት፤ ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስለዚህ እንደ ተጻፈው «ኤስ ኪው ኤል» እለዋለሁ። የክፍል ኃላፊዬ ግን ከሦስት ወር የውጭ አገር ሥልጠና ፊደላቱን እንደ አንድ ቃል አያይዞ «ሲክዌል» እያለ ተመለሰ። ሠራተኛው ተሰብስቦ እኔ በተገመገምሁበት ዕለትም ተነሥቶ ተናገረ።

«ጓዶች፣ የምትሠራበትን ቋንቋ ስም እንኳ አትጠራውም። ስሙን ያላወቀ ምኑን ያውቃል?»

ሳቁ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ የነበረው የፓርቲው ካድሬ ከሁሉም አስረዝሞ ሳቀ።

«ማሽኑ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ነው፤ ጥያቄ ስጡኝና ጽፌ ላሳያችሁ» አልሁ።

«ጓዲት፣ የምንገመግመው አንቺን እንጂ ማሽኑን አይደለም» አለ ካድሬው። «ይልቅ ግለ ሂስሽን አቅርቢ።»

ግለ ሂስ ማለት ቆሞ ጥፋትን በራስ አንደበት ማመን ነው። ያመነ ይታለፍ ነበር፤ ይህን የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጠችው የጽሕፈት ሠራተኛ ቀሚሴን ሳብ አድርጋ፣ «እባክሽ እቴ፣ ‹ድክመት አለብኝ› በያቸውና ይለፍሽ» ስትል አንሾካሾከች።

«ያላወቅሁትን አሳዩኝ፤ ያን ጊዜ አምናለሁ» ብዬ ተቀመጥሁ።

በቃለ ጉባኤው «ሂስ አትቀበልም» ተብሎ ተጻፈ። ከሰኞ ጀምሮ የመጋዘን ካርድ ወደ ማሽኑ ስገለብጥ ዋልሁ።

ከግምገማው በፊት በዚያ ቋንቋ ለማሽኑ የጻፍሁት መጠይቅ ግን ከሥራ አልታገደም። ማለዳ ማለዳ በእርሱ የዕቃው ዝርዝር ይታተማል፤ መካኒኮቹ በመጋዘኑ መስኮት ተቀብለው በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ይሄዳሉ፤ የፈለጉትንም ያገኛሉ። ከግርጌው የሚፈርመው ኃላፊዬ ነበር። ከመጠይቁ አንዲት ቃል አላረመም።

ሁለቱም አጠራር በሙያው ሰዎች ዘንድ የተለመደ መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። ባይሆን ኖሮም አቋሜ አይለወጥም ነበር፤ ማሽኑ ድምፄን ሰምቶ አያውቅም።

ኃላፊዬ የነበርህ ሰው፣ ይቅርታህን አልሻም። በስምህ የፈረምህበትን ዝርዝር የሚያወጣው መጠይቅ ዐሥራ አራት መስመር ነው። አለማወቄ ያለው በስንተኛው ላይ ነው? የመስመሩን ቁጥር ጠቅሰህ በጽሑፍ መልስልኝ።