የተፋቀው ጃንጥላ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ

ዛሬ ከምንኖርባት ከተማ ከአጎቴ ከአያ ጥሩነህ ጋር ተነሳን፤ እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። ዘመኑ የጣሊያን ነው። ሰኔ ገብቷል፣ ደመናው ዝቅ ብሏል። የላክናቸው ሽማግሌዎች የማገባትን ልጅ ጠይቀው እሺ ተብለዋል፤ የቀረው እኔ ለአባቷ ለግራዝማች ውቤ እጅ መንሻ ይዤ መቅረብ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጫካ ገብተዋል፤ ስለዚህ ቃላቸው አንድ ነው፦ «የጣሊያን ዕቃ ይዞ ደጄን የረገጠ ልጄን አያገኝም።» እኔም የጣሊያን ነገር አልነካም እያልኩ ስፎክር አረፈድኩ። የምረግጠው መንገድ ራሱ ጣሊያን የሠራው መሆኑን አጎቴ እስኪነግሩኝ ልብ አላልኩም።

ቡሬ፣ ከሰዓት በኋላ

ሐጂ ሰይድ ሱቅ ውስጥ ሳሙናው፣ ክብሪቱ፣ መሐረቡ ሁሉ የጣሊያን ነው። «ለግራዝማች የሚሆን የድሮ ዕቃ የለዎትም?» ስላቸው ከአቡጀዲ ጥቅል ሥር ጥቁር ጃንጥላ አወጡ።

«ጣሊያን ሳይመጣ የገባ የህንድ ዕቃ ነው። እጀታው ላይ ምልክቱ አለ፤ ግራዝማች ያውቁታል።»

ሦስት ጠገራ ብር ከፍዬ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ፈጣም ወንዝ ዳር

ስጋት ሲበላኝ አደረ። ምልክቱ የፈረንጅ ፊደል ነው፤ እኔ ደግሞ ፊደሉን አላውቅም፣ የህንዱም የጣሊያኑም አንድ ይመስለኛል። ሐጂ አታለውኝ ቢሆንስ? አጎቴ በቅሏቸውን ውሃ ሲያጠጡ ምልክቱን በካራ ፍቄ አጠፋሁት። በብልሃቴ ረክቼ ጢሜን ዳበስኩ፤ ጢም ግን ገና አልበቀለልኝም።

ግራዝማች ቤት፣ ረፋድ

ዓይኔን በጨው አጥቤ ጃንጥላውን አቀረብኩ። ግራዝማች አገላብጠው እጀታው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ላይ ምን ነበር?»

«ጽሑፍ ነበር፣ ጌታዬ። የህንድ ነው።»

«ማን ፋቀው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከሐጂ ሰይድ ስገዛ ነው የኖርኩት። የህንዱን ምልክት አውቀዋለሁ። የህንድ ከሆነ ለምን ይፋቃል? ሰው የሚፍቀው የሚያፍርበትን ነው።»

ያለኝን አንድ ምስክር በገዛ ካራዬ ገድያለሁ። ልጅቱን ያጣኋት መሰለኝ፤ ላለቅስ ትንሽ ቀረኝ። አጎቴ መሬት መሬት እያዩ፣ «ጅል ነው እንጂ ባንዳ አይደለም፤ እኔ እመሰክራለሁ» አሉ። ከዚህ የተሻለ ምስክርነት እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ከጓዳ የልጅቱ ሳቅ ተሰማ። ግራዝማች ጃንጥላውን መለሱልኝ።

«የዚህን ዕቃ አገር አላውቅም፤ ከቤቴ ይውጣ። የልጁን ግን እናቱንም አባቱንም አውቃለሁ፤ የት እንደተሠራ አይጠፋኝም። ይቀመጥ።»

ቅዳሜ፣ ወደ ቤት

ገና ፈጣም ሳንደርስ ዶፍ ወረደብን።

«ዘርጋው እንጂ» አሉ አጎቴ።

አማቴ የመለሱትን ጃንጥላ መዘርጋት ፈራሁ። እንደታጠፈ በብብቴ ይዤ፣ በስብሼ፣ እየሳቅሁ ቤቴ ገባሁ።