በግንብ ያልተገደለው ንጉሥ

ልጅ ሳለሁ የየካ ሚካኤል ጎረቤታችን አባባ ተሰማ ሰንጠረዥን፣ የአገራችንን የጥንት ቼዝ፣ እንዴት እንዳስተማሩኝ ልጽፍ ነው። ዘመኑ ርቋልና አንዳንዱን አዛብቼ ይሆናል፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር መሰለኝ።

ያኔ ከእንጦጦ የወረደ የባሕር ዛፍ ቅጠል በምድጃቸው እየጤሰ፣ ገና ሲመሽ ፋኖሱን አብርተው ጠጠሮቹን ይደረድሩና ስለ እያንዳንዱ ተረት ይነግሩኝ ነበር። እኔ የምወደው ጥግ ላይ የምትቆመውን የግንቧን ነበር። «ግንብ ጠማማ መንገድ አታውቅም» ይሉኛል፤ «ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ጎን፣ መንገዷ እስካልተዘጋ ድረስ ትሄዳለች።» የሸሸ ንጉሥ የሰሌዳው ጠርዝ ላይ ሲደርስ አንደኛዋ ግንብ መመለሻውን ትዘጋበታለች፤ ሁለተኛዋ በዚያው ጠርዝ መጥታ መድረሻ ታሳጣዋለች። ንጉሥ ከዚህ ሌላ አሟሟት ያለው አይመስለኝም ነበር።

አንድ ክረምት አባባ ተሰማ ከመሰላል ወድቀው ራሳቸውን ተመቱ። ለሳምንታት ስም ሲያምታቱ ቆዩ፤ እኔንም በሞተው ወንድማቸው ስም ይጠሩኝ ነበር። አሰላ የሚኖረው ልጃቸው መጣና «አእምሯቸው ተነክቷል፤ ብቻቸውን መኖር አይችሉም፤ ይዣቸው እሄዳለሁ» ብሎ ሻንጣቸውን አሰረ።

«አእምሮዬ እንዳለ ማየት ትፈልጋለህ?» አሉት። «እንግዲያው ከዚህ ልጅ ጋር ስጫወት ተቀመጥና እይ።»

አባቴም ተጠርቶ መጣ። እንዲያሸንፉኝ በልቤ እየተሳልኩ ተጫወትን። ንጉሤ ጠርዝ ደረሰ፤ አንዷ ግንብ መመለሻውን ዘጋች፤ የሁለተኛዋ መንገድ ክፍት ነው። ያስተማሩኝ ራሱ! እሳቸው ግን ግንቧን ነካ አድርገው ተዉአትና አንዲት ትንሽ ወታደር ገፉ።

«አባባ፣ ግንቧ!» አልኩ ሳላስበው።

ልጃቸው ወደ አባቴ ዞረ። «አዩ ጋሼ? ሕፃን ያየውን አባቴ አላዩም።»

ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ። በእኔ አፍ ከቤታቸው ሊወጡ ነው።

አባባ ተሰማ ቀና እንኳ አላሉም። ንጉሤን ወደ ጥግ አሸሸሁ። ያችኑ ወታደር አንድ እርምጃ ገፉና «ሞተ» አሉ። በዚህም በዚያም ፈለግሁ፤ መሸሻ የለም።

«በግንብማ ማንም ይገድላል፤ ለጀማሪ ብዬ ነው እሱን ያስተማርኩህ። በአባቶቻችን ጨዋታ የሚያስመሰግነው በወታደር መግደል ነው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፦ «አንተ ግን ያንንም ሳትማር ጎለመስክ። በል፣ ሻንጣዬን ፍታልኝ።»

አባቴ ሳቁን መያዝ አቃተው። ልጃቸውም ግንባሩን ይዞ ሳቀ፣ ጎንበስ ብሎም ሻንጣውን ፈታ።

እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ፤ ሰው የታወቀውን መንገድ ትቶ ሲሄድ ካየሁ ጠፋበት ብዬ ቶሎ እደነግጣለሁ። የዚያን ምሽት እፎይታ ግን ዛሬም፣ እዚህ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ የልጅ ልጆቼ ቼዝ ሲጫወቱ ባየሁ ቁጥር ይመጣልኛል።

በዓመቱ በአባቴ ሥራ ምክንያት ወደ ጅማ ሄድን። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ቅዳሜ ይመስለኛል፣ ከየካ የመጣ ነጋዴ ቤታችን ጎራ አለ። አባቴ ስለ አባባ ተሰማ ሲጠይቀው «ደህና ናቸው! ደጃፋቸው ላይ ከእንጨት ሻጭ ጋር ሲከራከሩ ትቻቸው መጣሁ» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ እሳቸው ምንም አልሰማሁም።