ግንበኛው ፓራውልት ሲሰቅል

ባለቤቴ አርባ ሁለት ዓመት ግንብ ገንብቷል። ትምህርት ቤት ገንብቷል፣ መጋዘን ገንብቷል፣ የሰው ቤት ገንብቷል። አንድ ሰሞን የእስር ቤት አጥርም ገንብቷል። ስለዚያኛው ሲጠይቁት፣ «ቀጥ ያለ አጥር ነው፤ ውስጡ ማን እንዳለ እኔን አያገባኝም» ይላል። ሠራተኞቹ «ጋሽ ቀጥ» ነበር የሚሉት። በፊቱም ይሉታል፣ ከኋላውም ይሉታል፤ የሚለየው ድምፃቸው ብቻ ነው።

ጋሽ ቀጥ ዓይኑን አያምንም። የሚያምነው ውሃ ልኩን ነው። ውሃ ልኩ ክንድ የሚያህል ነው፤ ቢጫ ቀለሙ ጫፍ ጫፉ ላይ ተልጧል። መሃሉ ላይ አረንጓዴ ፈሳሽ የያዘች ትንሽ ብልቃጥ አለች፤ በፈሳሹ ውስጥ አንዲት አረፋ ወዲያ ወዲህ ትላለች። አረፋዋ በሁለቱ ጥቋቁር መስመሮች መሃል ከቆመች ሥራው ቀና ነው፤ ካልቆመች ይፈርሳል፤ ክርክር የለም። ሠራተኞቹን «ዓይንህን ጨፍንና አረፋዋን እያት!» እያለ ይጮህባቸው ነበር። «ጋሼ፣ ጨፍነን እንዴት እናያታለን?» ብለው ይስቃሉ። እሱ አይስቅም።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያቀናው ግድግዳ ሲያጣ ዞሮ ወደ ቤቱ መጣ። የዕቃ መደርደሪያዬን ለካ። የእናቴን ፎቶግራፍ አውርዶ እንደገና ሰቀለ። አንድ ቀን ከአልጋችን እግር ሥር ካርቶን አጥፎ ሲሸጉጥ አገኘሁትና ምን እያደረገ እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ተዘቅዝቀን ነው የተኛነው» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ክፉ አይደለም። ነገር ግን ተሳሳትክ ሲሉት አይሰማም፤ ጆሮው እዚያ ላይ ሲደርስ ይደነቁራል።

ፒክአፑ የሱ ነበር። ሲሚንቶና ብረት ያመላልስበት ነበር። ሥራ ሲያቆም ለልጃችን ሰጣት። ሰጣት ስል ቁልፉን ማለቴ ነው፤ መኪናው እስከ ዛሬ በሱ ስም ነው። ልጄ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት የታጠበ አንሶላና ፎጣ ጭና ለሆቴሎች ታደርሳለች፤ የቆሸሸውን ሰብስባ ትመልሳለች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ትወጣለች፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ትገባለች። ስድስት ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም፤ አንድም አንሶላ ጭቃ አስነክታ አታውቅም። ነጭ ጨርቅ መጫን እንደ ሲሚንቶ አይደለም። መኪናው ጀርባ ላይ የምታነጥፈውን ሸራ ሳይቀር በየሳምንቱ በሳሙና ታጥበዋለች።

ባለፈው ወር ጉንፋን ይዟት ሦስት ቀን ተኛች። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ሲያይ ባለቤቴ እጁ በላው። የፊቱ ፓራውልት፣ ማለት ከመብራቶቹ ሥር ከዳር እስከ ዳር የተጋደመው ብረት፣ ዝጓል ብሎ አወረደው። በብረት ብሩሽ ፈገፈገው፣ ቀለም ቀባው፣ እስኪደርቅ ጠብቆ መልሶ ሊሰቅለው ተነሳ። ብቻውን አልሆነለትምና ሌላውን ጫፍ እኔ ያዝኩለት። ብረቱን የሚሸከሙት ከሻንሲው የወጡ ሁለት ክንዶች ናቸው፤ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ረዘም ያሉ ስለሆኑ ብረቱ ከፍም ዝቅም ይላል። እሱ እንግዲህ ውሃ ልኩን ከላይ አስቀመጠና፣ «ከፍ አድርጊ… ትንሽ ዝቅ… በቃ፣ እንዳትተነፍሺ!» አለኝ። አልተነፈስኩም። ብሎኖቹን አጠበቃቸው። አረፋዋ ጥንቅቅ ብላ መሃል ላይ ቆማ ነበር። እኔም አይቻታለሁ።

በሳምንቱ ነገር መጣ። የአንዱ ሆቴል ዘበኛ ልጄን፣ «እህቴ፣ መኪናሽን ጥርሱን አሞታል እንዴ? ጉንጩ በአንድ በኩል ወርዷል» አላት። ስቃ አለፈችው። ዓርብ ዕለት ግን የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ ራሱ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ምን ገጭተሽ ነው?» አላት። ምንም አልገጨሁም ብትለው አላመናትም። «ስሚ፣ ሆቴሎቹ ፊት እንዲህ ያለ መኪና አላቆምም። ሰኞ ተስተካክሎ ካልመጣ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» ብሎ አሰናበታት።

ልጄ ቀጥ ብላ ወደ አባቷ መጣች። መኪናውን ከበራችን ፊት አስፋልቱ ላይ አቆመችና ጠራችው። ወጥቶ አየ። እኔም ከበሩ ሥር ሆኜ አየሁ። እውነትም በሾፌሩ በኩል ያለው ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ወርዷል፤ በመብራቱና በብረቱ መሃል ያለው ክፍተት ባንዱ በኩል ጠባብ፣ ባንዱ በኩል ሰፊ ሆኗል።

ባለቤቴ ቀና ሲል ፊቱ ደም መስሏል።

«የት ነው የገጨሽው?»

«አባዬ፣ ምንም አልገጨሁም።»

«በገዛ እጄ የሰቀልኩት ነው! በውሃ ልክ! ብረት ዝም ብሎ አይወርድም።»

«አልገጨሁም እኮ ነው የምልህ። ቀለሙን እየው፣ አንድ ጭረት የለበትም።»

«ቀለም ታሳዪኛለሽ? ማንን ነው የምታታልይው? ውሸታም!»

ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነበር። «ውሸታም» የሚለው ቃል ሲሰማ የስፌቱ ድምፅ ቆመ። ሁለት ሴቶችም ዘንቢላቸውን ይዘው ቆሙ። ባለቤቴ ሰው ሲያይ ድምፁ ይብስበታል። «ሰው ገጭተሽ ቢሆንስ? እኔ ስሜን ለማንም አላስጠፋም!» ብሎ ቁልፉን ከእጇ መነጨቀ። «ከዛሬ ጀምሮ አትነጂውም። ነገ አቅንቼው እሸጠዋለሁ።»

ልጄ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቆማ አየችውና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ምን አደረግሁ? ምንም። ራት አቀረብኩ። ራሴን የምጠላው እዚህ ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን ግቢ አስገባው። መፍቻዎቹን በየቁመታቸው ጨርቅ ላይ ደረደረ። ከዚያ ምን ያህል እንደጠመመ ለመለካት ውሃ ልኩን ፓራውልቱ ላይ አጋደመ። አረፋዋ ሄደች ሄደችና መሃል ላይ ቆመች።

አነሳው። አራገፈው። አዙሮ አስቀመጠው። አሁንም መሃል።

መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። እኔ እንግዲህ አሁን ይገባዋል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ወደ ልጄ ክፍል ዞሮ ጮኸ፤ «ነይ ውጪ! ሳልነሳ ነው አይደል ያቀናሽው? ጥፋትሽን ልትሸሽጊ?»

ልጄ ፀጉሯን ሳታበጥር ወጣች። «አዎ» አለችው፤ «ስምንቱንም ብሎን በጥርሴ ፈትቼ በጥርሴ አሰርኩት። ጥርሴን ላሳይህ?»

«አትቀልጂብኝ!»

«አንተ ነህ የምትቀልደው። ትናንት ጠሟል አልክ፣ ዛሬ ቀንቷል ትላለህ። ጥፋተኛዋ ግን ሁለቱንም ቀን እኔ ነኝ።»

እኔ በዚያ ሰዓት ግቢውን እያጠብኩ ነበር። በየጠዋቱ አጥበዋለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። አንድ ባልዲ ውሃ ደፍቼ መጥረጊያዬን ሳነሳ ውሃው በሾፌሩ በኩል ካለው ጎማ ሥር ገባ፣ መኪናውን አቋርጦ በሌላው በኩል ወጣ፣ እንደ ሁልጊዜው በአጥሩ ሥር ወዳለችው ቦይ ወረደ። ዓይኔን ከቦይዋ ወደ ፓራውልቱ አነሳሁ።

ግቢያችን ተዳፋት ነው። ሲሚንቶውን ያፈሰሰው ራሱ ባለቤቴ ነው፤ ውሃ እንዳይተኛበት ሆን ብሎ ወደ ቦይዋ አዘንብሎ ሠራው። ለየመጣው እንግዳ ጠብታ ውሃ አይቀርበትም እያለ ኩሬ እንደሌለ ያሳይ ነበር። መኪናው እዚያ ላይ ሲቆም አብሮ ያዘነብላል። እሱ ደግሞ ባዘነበለ መኪና ላይ እንደ መስኮት ደፍ ለክቶ ብረት ሰቀለ። ብረቱ ለግቢያችን ቀና ነው። ለመኪናው ግን ጠማማ ነው። አስፋልት ላይ ሲወጣ ጠማማነቱ ይታያል። ሌላ ባለሙያ ቢሆን ከመብራቱ ሥር በጣቱ ለክቶ ይጨርስ ነበር፤ መኪና ላይ ውሃ ልክ የሚያስቀምጥ ግንበኛ ብቻ ነው።

«ግቢው ተዳፋት ነው» አልኩ።

ድምፄ ትንሽ ነው። አልሰሙኝም። ደገምኩት።

«ምን አልሽ?» አለኝ ባለቤቴ።

«ግቢው ነው። አንተ ነህ የሠራኸው።»

«አንቺ ደግሞ አርፈሽ ግቢሽን እጠቢ! ስለ መኪና ምን ታውቂና ነው?»

  ሁለተኛውን ባልዲ አነሳሁና በሾፌሩ በኩል ካለው ጎማ ፊት ለፊት፣ ከእግሩ ሥር፣ ሙልጭ አድርጌ ደፋሁት። ጫማው ራሰ። «ስለ መኪና አላውቅም» አልኩት። «ወዴት እንደሚሄድ እየው። እየው እንጂ! ወይስ ውሃውም ውሸታም ነው?»

ውሃው ሄደ። ሦስታችንም ቆመን አየነው። ልጄ ውሃ ልኩን ከእጁ ወሰደችና ተንበርክካ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠችው። አረፋዋ ሽው ብላ ወደ ሾፌሩ በኩል ሸሸች። መስመሩን አልፋ ጥግ ያዘች።

 ባለቤቴ፣ «ይህቺን ተዳፋት ረስቻት» አለ፤ የረሳው ጃንጥላ ይመስል።

ልጄ እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን።»

ሰጣት።

መኪናውን አስፋልቱ ላይ አውጥታ አቆመችው። ካርቶን አንጥፋ ከሥሩ ገባችና ብሎኖቹን አላላች። ከተሰበረ መጥረጊያ እንጨት አንድ ቁራጭ ሰበረችና ከመብራቱ የታች ጠርዝ እስከ ብረቱ ድረስ ልክ አድርጋ ቆረጠችው። በሷ በኩል አስገባችው፣ ገጠመ። በሌላው በኩል አስገባችው። አባቷ ጫፉን ይዞ እንድታዘው ይጠብቃል፤ በብብቱ ያንኑ ውሃ ልክ ሸጉጧል።

«ከጨረስሽ በኋላ እንኳ በዚህ ብናየው…» አለ።

«እሱን ቤት አስገባው» አለችው ከሥር ሆና።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወሬ ግን ይወዳል። «ጋሼ፣ እንዴት ነው? የገጨችው ነገር ታወቀ እንዴ?»

ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ብሎን ነው» አለ። «ብሎን ላልቶ ነው።»

ልጄ ከመኪናው ሥር ነበረች። የሚታየኝ ጫማዋ ብቻ ነው። ጫማዋ መንቀሳቀሱን ሲያቆም አየሁ።

«ብሎን አልላላም» አልኩ።

ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። ልብስ ሰፊው ዞሮ አየኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጉርብትና ከ«እንደምን አደሩ» በላይ ከአፌ ሰምቶ አያውቅም።

«እትዬ?» አለ።

«ብሎን አልላላም። ትናንት በመንደሩ ፊት ልጄን ውሸታም ብሏታል። ሰው ገጭታለች ብሏል። አንተም ሰምተሃል፤ ስፌትህን አቁመህ ነው የሰማኸው። አሁን እውነቱን ከራሱ አፍ ትሰማለህ። ተናገር።»

«እንግባና እናውራው» አለኝ ባለቤቴ ቀስ ብሎ።

«አልገባም።»

«ሰው ፊት…»

«ሰው ፊት ነው ያልከው!» ስል የራሴ ድምፅ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ማዶ ያለች ሴት መስኮቷን ከፈተች። ትክፈት።

ባለቤቴ የፓራውልቱን ጫፍ እንደያዘ ነው። ቢለቀው ልጁ ላይ ይወድቃል፤ መሄጃ አልነበረውም። መሬት መሬት እያየ፣ «እኔ ነኝ አጣምሜ የሰቀልኩት» አለ። «ልጄ ምንም አልገጨችም።»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ጠቀለለው። «እንዲህ ነው እንዴ…» አለና መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። እስከ ማታ መንደሩ ሁሉ እንደሚሰማው አውቄያለሁ። ይስማ።

ልጄ ብሎኖቹን አጠበቀች፣ ወጣች፣ ጉልበቷን አራገፈች። ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄዳ አየችው። ቀና ነበር። ቁልፉን ኪሷ ከታ፣ «ከእንግዲህ ሳትጠይቀኝ አንዲት ብሎን እንዳትነካ» አለችው። «መኪናው እኮ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

ሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የመኪናውን ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ በሩን ከፈትኩላት። ጀርባው ላይ የቆሸሸ ፎጣ ተከምሯል።

«ኃላፊው ምን አለሽ?» አልኳት።

«ጎንበስ ብሎ አየ። 'እሺ፣ ጫኚ' አለኝ። በቃ።»

ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ወንበሩን ስቦ ተቀምጧል። «ብዬ አልነበር!» አለ።

ልጄና እኔ እኩል ዞረን አየነው።

«ምን ብለህ ነበር?» አልኩት።

አፉን ከፈተ። ጠበቅሁት። የበሩን መቀርቀሪያ እንደያዝኩ ቆሜ ጠበቅሁት። ወንበሩን አንስቶ ወደ ቤት ገባ።