ባቡር በሎሪ፦ ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ

ሰኞ ንጋት፣ ናይሮቢ

ሾፌራችን አብዲ ሎሪውን ያሞቃል። ከኋላ በሸራ ተሸፍኖ የተጫነው የባቡር ሞተር ክራንክ ሻፍት የሚሉት ከባድ ዘንግ ነው። የድሬዳዋው ወርክሾፓችን "በራሳችን እንመካለን" የሚለውን መፈክር በሩ ላይ እንደሰቀለ ብረቱን ናይሮቢ ልኮ አስጠገነ። እኔ መካኒኩ ጥገናውን ልከታተል፣ ካድሬው ጓድ ታደሰ ደግሞ እኔን ሊጠብቁ አብረን መጣን።

በደርግ ጊዜ ያለ ዋስ ከአገር መውጣት የለም፤ የሄደው ካልተመለሰ ዋሱ ይታሰራል። ለኔ ጓድ ታደሰ ፈረሙ፣ ለእሳቸው እኔ። ለካድሬ ዋስ መሆን ክብር ነው ተብዬ ነበር።

ማታ ማታ ሆቴላችን ውስጥ ስብሰባ ነበረን። ሰብሳቢው እሳቸው፣ ጸሐፊው እሳቸው፣ ሰፊው ሕዝብ እኔ። የመሃል ከተማው ሱቅ እንዳያማልለኝ ይመክሩኛል፣ ግለሂስ አድርግ ይሉኛል። ቀን ቀን እዚያው ሱቅ ገብተው ሱፍና ጫማ ይለካሉ። የጠላትን ኑሮ ማጥናት ነው ይላሉ።

ዛሬ ንጋት አልጋቸው ባዶ ነው። የሆቴሉ ዘበኛ፣ ጓድ ታደሰ አዲስ ሱፍ ለብሰው፣ ሻንጣ ይዘው፣ በታክሲ ወደ ሀብታሞቹ ሰፈር ወደ ላቪንግተን ሄደዋል አለን። ሥጋን ለጅብ አደራ ማለት ይሄ ነው። ብመለስ እታሰራለሁ፤ ብቀር ባለቤቴን አልማዝንና ልጆቼን ዳግም አላይም። ሎሪው ላይ ወጣሁ።

ሰኞ ከሰዓት፣ ኢሲዮሎ

የቲካን አናናስ እርሻና የኬንያ ተራራን ጉም አልፈን አስፋልቱ የሚያልቅበት ከተማ ደረስን። ሻይ ቤቱ ውስጥ ቻፓቲ የሚሉት ቂጣና የፍየል ጥብስ ቀረበልን፤ ድርሻዬን ወደ አብዲ ገፋሁት። አብዲ ድንበር ለሁለት የከፈላት የሞያሌ ልጅ ነው፤ ሁለቱንም ወገን ያውቃል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

"ፖሌ፣ አይዞዎት ጋሼ። እዚህ ቢወርዱ አልፈርድብዎትም። ብረቱን እኔ አደርሰዋለሁ።"

"አልማዝንስ ማን ያደርስልኛል?" አልኩት።

ሒሳቡን ከፍሎ ተነሳ።

ረቡዕ፣ ማርሳቢት

ከኢሲዮሎ ወዲህ ሽፍታ ስለሚፈራ መኪኖች በፖሊስ ታጅበው ተሰልፈው ነው የሚሄዱት። አቧራው ቅንድባችንን አሸብቶታል። በየጉድጓዱ ወርጄ ገመዱን አጠብቃለሁ፤ ብረቱ አንድ ጊዜ ከወደቀ የናይሮቢው ድካም ሁሉ ገደል ገባ። አንዱ ፖሊስ ሸራውን ገልጦ ምንድነው አለ። ባቡር ነው አልነው። ሐዲዱን ረሳችሁት እንዴ ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከናይሮቢ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሞያሌ

በኛ በኩል ያለው መኮንን ወረቀታችንን አገላብጦ ሁለት ነበራችሁ አለኝ። ጓድ ታደሰ ቀርተዋል አልኩ።

"ዋሳቸው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ያንተስ ዋስ?"

"ጓድ ታደሰ።"

መኮንኑ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና በሕጉ መሠረት ፈረደ።

"አንተ በሰዓቱ ስለተመለስክ ጓድ ታደሰ ከዋስትናቸው ነፃ ናቸው። አንተ ግን እዚህ ትቆያለህ።"

ብረቱን ወዲያው አሳለፉት። አብዲ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ድሬዳዋ ሊሄድ ሲነዳ በጣቢያው መስኮት አየሁት። እኔ ቤቴ የገባሁት ከሁለት ክረምት በኋላ ነው፤ በሩን የከፈተችልኝ ትንሿ ልጄ ማንን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ።