አባ ጠግን ያሰሩትን የፈቱ ዕለት

ወጌሻውን ሰፈሩ «አባ ጠግን» ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወለምታ ሲያሹ፣ ስብራት ሲጠግኑ ኖረዋል፤ «እጃቸው መድኃኒት ነው» የማይል አልነበረም።

አንድ ቀን የእህታቸው ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ መጋረጃ ልትሰቅል ወንበር ላይ ወጥታ ወደቀችና ቀኝ ክንዷ ተሰበረ። አባ ጠግን አጥንቱን አገጣጥመው በቀርከሃ ጥብቅ አድርገው አሰሩላት።

በማግስቱ ጠዋት ሊጠይቋት ሲሄዱ፣ እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር ነበር ያነጋችው። ጣቶቿ አብጠው ጠቁረዋል፤ ሲነኳቸው ቀዝቃዛ ናቸው። አንዱን ቀስ ብለው ሊዘረጉት ቢሞክሩ ጩኸቷ ለጎረቤት ተሰማ።

«አጎቴ፣ እጄ ሊፈነዳ ነው!»

«ወንድም ጋሼ፣ ስብራት መቼም ያማል። እንዳትፈታው፣ ይወላገዳል!» አለች እናትየዋ።

አባ ጠግንን ከዓመታት በፊት እንዲሁ ያሰሩት አናጢ ትዝ አላቸው። አጥንቱ ገጥሞ ጣቶቹ ግን ተኮራምተው ቀሩ። ያኔ «ዕድሉ ነው» ብለው ነበር። ሰው አመናቸው፤ እሳቸው ግን ልባቸው አምኖት አያውቅም።

መቀስ አንስተው ማሰሪያውን ከላይ እስከ ታች ቀደዱት።

«ተነሺ፣ ሆስፒታል ነው የምንሄደው።»

«አንተ እያለህ?» አለች እህታቸው።

«ይሄ ከእኔ በላይ ነው። ታክሲ ጥሪ!»

የአጥንት ሐኪሟ ወጣት ናት። ክንዱን ዳሰስ እንዳደረገች ፊቷ ተለዋወጠ።

«ማነው ያሰረው?»

እህትየዋ መሬት መሬት አየች። አባ ጠግን አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረቡ። «እኔ ነኝ። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ። አጥብቄዋለሁ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ለቁጣም ጊዜ አልነበራት። «ጡንቻው ውስጥ ለውስጥ አብጦ ደሙን አንቆታል» አለች። «አሁኑኑ ከፍተን ካላስተነፈስነው ይሞታል። መፍታትዎ ጠቅሟታል፤ ደርሰንላት እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ወንድምና እህት ከቀዶ ጥገናው ክፍል ፊት ለፊት፣ አንድ አግዳሚ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። አንዴ ብቻ እህትየዋ ፊቷን ሳታዞር፣ «የምትበላው በዚያች እጅ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። «ጣቶቿ ሞቀዋል» አለች ሐኪሟ። አባ ጠግን ተነስተው ሐኪሟን እጅ ነሱ።

አጥንቱ በብረት ተያዘ፤ ቁስሉም ከቀናት በኋላ ተሰፋ። ልብስ ሰፊዋ ጣቶቿን ስታለማምድ ወራት ፈጀባት፤ ዛሬ ግን ማሽኗ ላይ ናት። ትንሿ ጣቷ ብቻ አሁንም ትደነዝዛለች።

አባ ጠግን ከዚያ ወዲህ ስብራት አይነኩም፤ የመጣውን ሁሉ ወደ ሆስፒታል ይሰዳሉ። «አረጁ፣ ፈሩ» ብሎ ሌላ ወጌሻ ዘንድ የሄደው ብዙ ነው። እህታቸውም ለወራት ደጃቸውን አልረገጠችም። አንድ ቀን ግን እያነከሰች መጣች።

«ሆስፒታል ሂጂ እንዳትለኝ፤ ወለምታ ናት።»

«መጀመሪያ ልያት» አሉና ጎንበስ ብለው ጫማዋን አወለቁላት።